«ጉልበቴ ሲያብጥ የአሜሪካው መዥገር አገረሸብኝ ይሆን?»

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን ዶክተር። ዕድሜዬ 58 ነው። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም ሳልርቅ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ልጄ ሁለተኛዋን ስትወልድ ላርሳት ብዬ አሜሪካ፣ ኮነቲከት ሄድኩ። ቤታቸው ጫካ ዳር ነው። አጋዘን እስከ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። ሰኔ ላይ ጓሮ ጎመን ስኮተኩት ሰንብቼ ከጉልበቴ ኋላ ክብ ነገር ወጣብኝ። አያሳክክም፣ አያምም። ቀን በቀን እየሰፋ መዳፌን አከለ። ልጄ በስልኳ ፎቶ አነሳችውና ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። «ላይም ነው፣ መዥገር ነክሶሽ ነው» አሉኝ። መዥገሩን ግን እኔ አላየሁትም። የ14 ቀን ዶክሲሳይክሊን ሰጡኝ። የሰኔ ጾም ነበርና በባዶ ሆዴ ስውጠው ደረቴን አቃጠለኝ፣ አስመለሰኝ። በአምስተኛው ቀን ተውኩት። ክቡ ጠፋ። ለልጄም አልነገርኳትም።

መስከረም 2017 አገሬ ገባሁ። ጥር ላይ ቀኝ ጉልበቴ አበጠ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጎደለ። ሐምሌ ላይ ደግሞ መጣ። አሁንም አብጧል፤ ለስግደት መንበርከክ አልቻልኩም። ዘንድሮ ትኩሳት ተጨመረበት። መስከረም ላይ ፎገራ እህቴ ጋ ሰንብቼ ነበር። ጥቅምት ላይ አንቀጠቀጠኝ፣ ከዚያ ላብ በላብ አደረገኝ። ወባ ነው ተብዬ የሦስት ቀን ኪኒን ዋጥኩ፣ ተሻለኝ። ታኅሣሥ ላይ እንደገና ጣለኝ። ሌላ ክሊኒክ ስሄድ «ታይፎይድና ታይፈስ» ብለው መርፌ ወጉኝ። ልጄ በስልክ «ላይሙ ነው ያገረሸብሽ፣ የሦስት ወር መድኃኒት በሰው እልካለሁ» ትላለች። ልዋጠው ወይ? ምርመራውስ እዚህ ይገኛል? ከወንድ ልጄ ልጆች ጋር አንድ አልጋ ነው የምተኛው፤ ይተላለፍባቸው ይሆን?

አያት ነኝ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እናቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ አምስተኛው ቀን ስለጻፉልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ያቺ አንዲት መስመር ከብዙ የላብራቶሪ ወረቀት ትበልጥብኛለች። ለልጅዎም ይንገሯት። አትቆጣዎትም፤ ብትቆጣም ከፍቅር ነው።

ደብዳቤዎ ውስጥ እኔ ያየሁት ሁለት ሕመም ነው። አንዱ ጉልበቱ ነው፣ ሌላው ትኩሳቱ። ልጅዎ ሁለቱን አንድ ላይ አስራ ላይም አለችው። እኔ ለየብቻ ባያቸው ይሻለኛል።

ከጉልበቱ ልጀምር። ይህ በሽታ ስሙን ያገኘው እርስዎ ከነበሩበት ከኮነቲከት ነው። ላይም የምትባል ከተማ አለች። በአውሮፓውያኑ 1975 እዚያ አካባቢ የበርካታ ልጆች ጉልበት እያበጠ ሲያስቸግር ዝም ያላሉት እናቶች ነበሩ። ሐኪሞች ነገሩን መመርመር የጀመሩት በእነሱ ጩኸት ነው። ባክቴሪያውን ዊሊ በርግዶርፈር የተባለ ተመራማሪ መዥገር ሆድ ውስጥ ያገኘው ከዚያ በኋላ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። እናም ይህ በሽታ ከመነሻው የታወቀው ልክ እርስዎ በሚነግሩኝ ነገር፣ በጉልበት እብጠት ነው።

መዥገሩን አለማየትዎ አይግረምዎ። እኛ መዥገር ስንል የሚታወሰን ከላም ጡት ሥር የምንነቅለው፣ ደም ጠጥቶ የጉሎ ፍሬ ያከለው ነው። ያኛው ሌላ ዘር ነው። ሰውን በብዛት የሚነክሰው ገና ሳያድግ ሲሆን ያን ጊዜ ከጤፍ ትንሽ ነው የሚበልጠው። ከጉልበት ኋላ ወይም ብብት ውስጥ ገብቶ አንድ ሁለት ቀን ቢጣበቅ ማንም ልብ አይለውም። ክቡ ነገር ደግሞ በእኛ ቆዳ ላይ እንደ ነጮቹ ቀልቶ አይታይም። ጠቆር ያለ፣ ደም የቋጠረ ሊመስል ይችላል። ልጅዎ ቶሎ ማወቋ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ። «አገረሸ» ስንል በአንድ ቃል ብዙ ነገር እንላለን። መድኃኒቱን በትክክል ጨርሶ ከዓመት በኋላ እንደገና ክብ የወጣበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሌላ መዥገር እንደ አዲስ ተነክሶ ነው። በሽታው አንዴ የያዘውን ሰው ደግሞ ከመያዝ አይመለስም። ሌላው መድኃኒቱን ጨርሶም ለወራት ድካም፣ ቁርጥማትና የሐሳብ መበተን የሚቀርበት ሰው ነው። ሕመሙ እውነተኛ ነው። ማንም «ምንም የለብህም» ሊለው አይገባም። ግን እንዲህ ላሉ ሰዎች ለወራት አንቲባዮቲክ እየተሰጠ ተሞክሯል፤ ዘላቂ ጥቅም አልተገኘበትም፣ ጉዳት ግን ደርሶበታል። የእርስዎ ከሁለቱም ይለያል። የ14 ቀኑ መድኃኒት በአምስተኛው ቀን ተቋርጧል። ከዚያ ሰባት ወር ቆይቶ አንድ ጉልበት አበጠ፣ ጎደለ፣ ተመልሶ መጣ። ላይም ሳይድን ሲቀር ጉልበት ላይ የሚሄደው እንዲሁ ነው። ስለዚህ የልጅዎ ጥርጣሬ በጉልበቱ በኩል ትክክል ሊሆን ይችላል። ከሆነም ያገረሸ ሳይሆን መጀመሪያውኑ ያልዳነ ነው።

ግን ጥርጣሬ ነው። የሚያብጥ ጉልበት ሁሉ ላይም አይደለም። ሪህ አለ፣ የመገጣጠሚያ ቲቢ አለ፣ በዕድሜ የሚመጣ መበላት አለ። ያልፈላ ወተት የሚጠጣ ሰው ብሩሴሎሲስም ሊይዘው ይችላል፤ እሱ ደግሞ ትኩሳትና ቁርጥማት አንድ ላይ ያመጣል። ፎገራ እህትዎ ጋ ጥሬ ወተት ጠጥተው ከሆነ ይህን ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ስለዚህ ጉልበትዎ አሁን አብጦ እያለ ይሂዱ። እስኪጎድል አይጠብቁ። ከጥበበ ግዮን ወይም ከፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ይቅረቡና «ፈሳሹ በመርፌ ይቀዳልኝ» ይበሉ። መርፌው ያስፈራል፤ ግን ከመወጋቱ በፊት ቦታውን ያደነዝዙታል፣ ውሃው ሲወጣ ደግሞ ራሱ ቀለል ይልዎታል። ከዚያ ፈሳሹ ውስጥ ስንት ነጭ የደም ሕዋስ እንዳለ ይቆጠራል፣ የሪህ ክሪስታል ይፈለጋል፣ ሌላ ባክቴሪያና ቲቢ ይታያል። አንድ ሲሪንጅ ከዓመት ግምት ይሻላል።

የላይም የደም ምርመራ እንደ ወባ በየክሊኒኩ የሚሠራ አይደለም። አዲስ አበባ ናሙና ወደ ውጭ የሚልኩ የግል ላብራቶሪዎች አሉ። ይህን ምርመራ ይልኩ እንደሆነ ልጅዎ በስልክ ትጠይቅልዎ። ምርመራው ሁለት ደረጃ አለው፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን የሚያረጋግጥ ነው፤ በአንዱ ብቻ አይወሰንም። አንድ ነገር ግን ይያዙልኝ። የሚለካው ሰውነትዎ ለባክቴሪያው የሠራው መከላከያ ነው፣ ባክቴሪያው ራሱ አይደለም። ያ መከላከያ ከዳኑ በኋላም ለዓመታት ደም ውስጥ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ብቻውን አሁን ታመዋል ማለት አይደለም። «ኔጌቲቭ» ከሆነ ግን በእርስዎ ሁኔታ ብዙ ይነግረናል። ላይም ጉልበት ውስጥ ገብቶ ይህን ያህል ጊዜ ከቆየ ምርመራው ሳያገኘው አይቀርም። ኔጌቲቭ ከመጣ ለጉልበትዎ ሌላ መነሻ እንፈልግለታለን።

ወደ ትኩሳቱ። ላይም ያሳበጠው ጉልበት ብዙ ጊዜ እንዲህ አያንቀጠቅጥም፣ በላብ አያጠምቅም። እርስዎ የጻፉልኝ ፎገራ፣ መስከረም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ላብ ነው። የጣና ዙሪያ ሰው ይህን ያውቀዋል። የጥቅምቱን ወረቀት ፈልገው «ቪቫክስ» ይል እንደሆነ ይዩልኝ። ቪቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ይተኛል። ደሙን የሚያጸዳው የሦስት ቀን ኪኒን ጉበት ውስጥ ያለውን አይነካውም። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ተነስቶ ሰውን መልሶ ይጥላል። ይህ በእውነት ያገረሸ ነው። ለተኛው የሚሰጠው ፕሪማኩዊን የሚባል መድኃኒት ነው፤ በተለመደው አወሳሰድ 14 ቀን ይዋጣል። አንድ ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚጎድላቸው ሰዎች ደም ሊረግፍበት ስለሚችል ሐኪሙ ሳያይዎ አይጀምሩት።

ስለ «ታይፎይድና ታይፈስ» መናገር አለብኝ፤ ይህ ነገር ውስጤን ይበላኛል። በየክሊኒኩ በአንዲት ጠብታ ደም የሚሠራው ያ ምርመራ ድሮ የነበረ ተስቦንም፣ ሌላ በሽታንም ፖዘቲቭ ብሎ ይሰጣል። ታይፎይድ በትክክል የሚታወቀው ደም ተወስዶ ባክቴሪያው ሲበቅል ነው። ስንቱ ሰው ያልያዘውን በሽታ እየታከመ የያዘው እንደሚቆይበት እኔ አውቃለሁ። ራሴም አድርጌዋለሁ።

ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ አንድ የቆሎ ተማሪ አስተኛሁ። ዕድሜው 16 ቢሆን ነው። ክረምት ነበር። ለምዱ ከነዝናቡ ይሸታል። ወረቀቱ ታይፎይድ ይላል፣ እኔም ታይፎይድ ብዬ ጀመርኩለት። ትኩሳቱ በረደ፣ ደስ አለኝ፣ ሸኘሁት። በሳምንቱ ሁለት ጓደኞቹ ደግፈው መለሱት። ያን ሌሊት የላብራቶሪው ባለሙያ «ና እይ» ብሎ ጠራኝ። ማይክሮስኮፑ ላይ ዓይኔን ስደፋ በቀይ የደም ሕዋሳቱ መሃል እንደ ተጠመዘዘ ክር የቀጠኑ ነገሮች ይላወሳሉ፣ ሕዋሳቱን እየገፉ። ግርሻ ነበር። በልብስ ቅማል የሚመጣው፣ በረደ ሲሉት የሚያገረሸው ትኩሳት። እናቴ፣ የግርሻና የላይም ባክቴሪያዎች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ግርሻ ግን ትኩሳቱ በተነሳበት ሰዓት ደሙ ከታየ ይታያል። ከበረደ በኋላ ቢታይ ይደበቃል። እኔ ትኩሳቱ ላይ ሳለ ደሙ ይታይ ብዬ ባዝ ኖሮ ልጁ ያን ሳምንት አይሰቃይም ነበር። በማግስቱ መድኃኒቱን ጀምሮ በሁለት ሰዓት ውስጥ ኃይለኛ መንቀጥቀጥ መጣበት። ባክቴሪያው ሲሞት የሚሆን ነገር ነው፤ አልጋ ላይ ሆኖ ስንጠብቀው ስለነበር አለፈለት። ግርሻ ቤት ውስጥ በግምት የማይታከመውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ትኩሳቱ ከተነሳብዎ በዚያው ሰዓት ባጃጅ ይያዙና ይሂዱ። ደምዎ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ወባም ግርሻም በአንድ ስላይድ ሊታዩ ይችላሉ።

ልጅዎ የምትልከውን አሁን አይዋጡት። ዶክሲሳይክሊን እዚሁ ፋርማሲ አለ፣ ከአሜሪካ መምጣት አያስፈልገውም። ደግሞ ሳይመረመሩ ከጀመሩት የቀረውን ፍለጋ ያድበሰብስብናል። ጉልበቱ ላይም መሆኑ ከታመነበት የሚሰጠው 28 ቀን ነው። ሦስት ወር አይደለም። ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ካልጎደለ ሐኪሙ አንድ ዙር ሊደግምልዎ ይችላል፣ ወይም በመርፌ ወደሚሰጥ አንቲባዮቲክ ይሄዳል። ከዚያ በኋላም እብጠት የሚቀርባቸው አሉ፤ ለነሱ አንቲባዮቲክ ከመጨመር ይልቅ የእብጠቱ ሕክምና ይቀጥላል።

አወሳሰዱን ልንገርዎ፤ ባለፈው ያጨናገፈን እሱ ነውና። ምግብ በልተው፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጡት። ከዋጡ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጋደም አይበሉ። ደረትን የሚያቃጥለው ኪኒኑ ጉሮሮ ላይ ሲቀር ነው። ከወተት፣ ከብረት ኪኒንና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አይውሰዱት፤ ይይዙታል። ፀሐይ ላይ ነጠላዎን ይከናነቡ። ጾም ከገባ ደግሞ አስቀድመው የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መንገድ አላት።

ለልጅ ልጆችዎ አይስጉ። ላይም ከሰው ወደ ሰው በመተኛት፣ በመሳም፣ በመብላት አይተላለፍም። አቅፈዋቸው ይተኙ። ወባው ግን በትንኝ ስለሚሄድ አጎበር ይዘርጉላቸው።

ጉልበቱ በድንገት ቀልቶ፣ እንደ እሳት አቃጥሎ፣ እግርዎን መርገጥ ቢያቅትዎ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ፊትዎ በአንድ ወገን ቢጣመም፣ ወይም ራስዎን ስተው ቢወድቁም እንዲሁ።

ሲሄዱ የጥቅምቱንና የታኅሣሡን ወረቀት በፌስታል ይያዙ፣ ባዶ የኪኒን ካርቶኖችም ካሉ ይጨምሩ። ልጅዎ ከአሜሪካው ሐኪም ቤት የሰኔውን መዝገብ ትጠይቅልዎ፤ የትኛው መድኃኒት፣ ስንት ቀን የሚል። ያቺን የክቡን ፎቶም እንዳታጠፋው። ስልኳ ውስጥ ካለ ዛሬ ማታ ስትደውል በቴሌግራም ታስተላልፍልዎ።