ጠገራ ብር፣ ቢጫ ጨሌ፣ ዛጎል፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ባህላዊ ጌጣጌጥ ጠይቁ ብዬ ነበር፤ የጅማ ሰው ጥያቄውን አዥጎደጎደው። ለዛሬ ጥቂቱን እንይ።

«የአያቴ መስቀል ከጠገራ ብር የተሠራ ነው ይባላል፤ አሁን ጠቁሯል። አንድ ወርቅ ቤት "አቅልጬ በአዲስ ልሥራልሽ" አለኝ። ላስቀልጠው?»

ኧረ በፍጹም! ብር አየር ላይ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፣ ስለዚህ መጥቆሩ ሐሰተኛ አያሰኘውም። ጠገራ ብር የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ሳንቲም ነው። አንዱ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። አገራችን ውስጥ ስንቱ መስቀል፣ አምባርና አልቦ ከሱ ቀልጦ ተሠርቷል መሰለሽ! በነገራችን ላይ ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ብትሞትም ሳንቲሙ ያንኑ ዓመት እንደያዘ መመታቱን ቀጥሏል፤ «1780 ይላል» ብሎ ዋጋ የሚቆልልብሽን ነጋዴ አትስሚው።

ለማጽዳት ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። በረኪና እንዳታስነኪው፣ ብሩን ይጎዳዋል። የድስት ሽቦ ደግሞ አንጥረኛው በእጁ የቀረጸውን ይፍቀዋል። ጎድጎድ ያለው ውስጥ የቀረውን ጥቁር ተዪው፤ ቅርጹን አጉልቶ የሚያሳየው እሱ ነው።

«ሂርማታ ገበያ ትልልቅ ቢጫ ጨሌ "አምበር ነው" ብለው ሊሸጡልኝ ነበር። በምን ልለየው?»

እውነተኛው አምበር በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት የደነደነ የዛፍ ሙጫ ነው፣ በብዛት የሚገኘውም ከባልቲክ ባሕር አካባቢ ነው። አፍሪካ ውስጥ አምበር እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛው ግን ድሮ አውሮፓ የተሠራ ፕላስቲክ ነው። አንዷን ፍሬ ከክሩ አውጣና ጨው አልሟሟ እስኪል ድረስ በተጨመረበት ውሃ ውስጥ ጣላት። ከሰመጠች ብርጭቆ ወይም ያ ፕላስቲክ ናት። ብትንሳፈፍም አትቸኩል፣ ያልደነደነ ሙጫም ይንሳፈፋል፤ እሱን የምታውቀው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ጠብ ስታደርግበት ሲያጣብቅ ነው። ሻጩ ሙከራውን እንቢ ካለህ መልሱን አገኘህ ማለት ነው። ለነገሩ አሮጌው ፕላስቲክም ፈላጊ አለው፣ ብቻ በአምበር ዋጋ አትግዛው።

«እናቴ የዝሆን ጥርስ አምባር አላት። ውጭ ላለችው እህቴ ልላክላት?»

አትላኪ። የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ በ1989 እ.ኤ.አ. ታግዷል፣ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር መዘዝ አለው። ኢትዮጵያም በ2015 እ.ኤ.አ. ስድስት ቶን ያህል አቃጥላለች። እናትሽ ጋ ይቀመጥ።

«የወሎ ኦፓል ቀለበቴ ዕቃ ሳጥብ ቀለሙ ጠፋ፤ ተበላሽቶ ይሆን?»

ላይሆን ይችላል። ኦፓል የከበረ ድንጋይ ነው፣ የወሎው ደግሞ ውሃ ይጠጣል፤ ጥላ ቦታ ለጥቂት ቀናት ተዪው፣ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ፀሐይ ላይ እንዳታሰጪው፣ ይሰነጠቃል። ዘይት ከጠጣ ግን አስቸጋሪ ነው፣ ከእንግዲህ ወጥ ቤት ስትገቢ አውልቂው።

«የልጆች ዛጎል ከጊቤ ወንዝ ይለቀማል ይላሉ። እውነት ነው?»

የለም፣ ዛጎል የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው። ለብዙ ዘመን አፍሪካን ያዳረሰው ከሕንድ ውቅያኖስ፣ በተለይ ከማልዲቭስ እየመጣ ነው፤ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥማ ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል።