ግብሩ ከገበሬው ወደ ደሞዝተኛው መቼ ዞረ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ሥራዬ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው፣ ኑሮዬ ደሴ። ደሞዜ እጄ ሳይገባ ግብር ይቆረጣል፤ ፒያሳ ዕቃ ስገዛ ደግሞ ቫት አለ። አባቴ «በኛ ጊዜ ግብር የገበሬ ነበር» ይላል። እውነት ነው? ወደ እኛ የዞረውስ መቼ ነው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ አባትሽ አልተሳሳቱም። በንጉሡ ዘመን ገበሬው የመሬት ግብርና አሥራት ይከፍል ነበር። በ1960 ዓ.ም. አሥራት ቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃም አመፀ። ግን ያኔም ቢሆን ዳጎስ ያለው ገንዘብ የሚገባው ከጉምሩክ ነበር። በደርግ ጊዜ ቡና ወደ ውጭ ሲወጣ ይቀረጣል፣ የመንግሥት ድርጅቶችም ትርፋቸውን ያስገባሉ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከ1983 በኋላ ነው። በገቢ ዕቃ ላይ እስከ 230 በመቶ ይደርስ የነበረው ከፍተኛ ቀረጥ ደረጃ በደረጃ ወርዶ 35 በመቶ ሆነ፤ የጎደለውን ደግሞ የሆነ ነገር መሙላት ነበረበትና በ1995 የሽያጭ ታክስ ቀርቶ 15 በመቶ ቫት መጣ። ጉምሩክ ግን ዛሬም ዋና በር ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ለሚደርስ ኮንቴይነር መጀመሪያ ቀረጥ ይሰላል፣ የሚመለከተው ዕቃ ከሆነ ኤክሳይዝ፣ ማለትም በተመረጡ ዕቃዎች ላይ ብቻ የሚጣል ታክስ፣ ይጨመራል፣ ቫቱ የሚታሰበው በእነዚህ ድምር ላይ ነው፣ ለአብዛኛው ዕቃ ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ የሚባል ተጨማሪ ታክስ ይደረብበታል። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ጫማ ያለ ደረሰኝ ብትገዢም ግብሩ ዋጋው ውስጥ አለ።

እኔን በጣም የሚቆጨኝ የደሞዙ ነገር ነው። በ2008 በወጣው አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነው 600 ብር ብቻ ነበር፣ ከ10,900 ብር በላይ ላለው ደግሞ 35 በመቶ። ይህ መስመር እስከ 2017 ንቅንቅ አላለም። ዋጋ ናረ፣ ደሞዝ በቁጥር ትንሽ ከፍ አለ፣ ሰዉ ምንም ሳይበለጽግ ወደ ሀብታሞቹ እርከን ተገፋ። በዚያው ሰሞን የአገሪቱ የታክስ ገቢ ከጠቅላላ ምርቷ አንጻር 12 በመቶ ገደማ ከነበረበት ከ8 በታች ወረደ። ደሞዝተኛው ግን ማምለጫ የለውም፣ አሠሪው ቀድሞ ይቆርጥበታል።

በ2017 መጨረሻ ሕጉ ተሻሽሎ ነፃው 2,000 ብር ሆነ፣ 35 በመቶውም ከ14,000 በላይ ካለው ይጀምራል። በዛሬ ገበያ 14,000 ብር የሀብታም ደሞዝ ነው የሚል ካለ ደሴ መጥቶ ቤት ይከራይ። አንቺ የደሞዝ ወረቀትሽን አውጪና በአዲሱ እርከን መሰላቱን እዪ፤ በድሮው ከሆነ የፋብሪካውን ሂሳብ ክፍል ጠይቂ።