ልጄ «ቲን ኮርት» ቀረበለት፤ ይፈርም?

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ የጆሮ ማዳመጫ ይዞ ሳይከፍል ከሱቅ ሲወጣ ተያዘ። ከዚህ በፊት ምንም ጥፋት የለበትም። ጥፋቱን ካመነ እኩዮቹ በሚዳኙበት «ቲን ኮርት» ያልቃል ተባልን። አምኖ ቢፈርም ወንጀለኛ ተብሎ አይቀርም? (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እመቤት፣ መጀመሪያ ልጅዎን ለብቻው ይዘው አድርጎት እንደሆነ ይጠይቁት። በአብዛኞቹ ቲን ኮርቶች ልጆቹ የሚወስኑት ቅጣቱን እንጂ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን አይደለም። «አላደረግሁም» የሚል ልጅ፣ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ብቻ መፈረም የለበትም፤ ጠበቃ ይያዝለት።

ካደረገው ግን ይግባበት። የታዘዘውን ከፈጸመ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ሳይሄድ ይዘጋል። የፖሊስ መዝገቡ በራሱ ይሰረዝ ወይም ማመልከቻ ይፈልግ እንደሆነ ግን ከመፈረሙ በፊት ይጠይቁ። ዜግነት ከሌለው ደግሞ አስቀድመው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ፤ የመደበኛው የወጣቶች ፍርድ ቤት ውሳኔ በኢሚግሬሽን ሕግ እንደ ወንጀል ፍርድ ባይቆጠርም፣ የተፈረመ የእምነት ቃል፣ በተለይ በዕፅ ጉዳይ፣ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል።

ችሎቱ እንደየቦታው ይለያያል። አንዳንዱ ጋ ዳኛው ትልቅ ሰው ሆኖ ልጆቹ ዐቃቤ ሕግና ጠበቃ ይሆናሉ፤ ሌላው ጋ ጁሪዎቹ (ቅጣቱን የሚወስኑት ልጆች) ራሳቸው ይጠይቃሉ፤ ይሄኛው ይጠነክራል። «ኪስህ ውስጥ ገንዘብ ነበረህ? ብቻህን ብትሆን ታደርገው ነበር? ለእናትህ ምን አልካት?» እያሉ ያፋጥጡታል። እርስዎ መልሱን አይንጠቁት። አንገት ደፍቶ መልስ መስጠት እኛ ዘንድ ጨዋነት ቢሆንም እዚያ ግድ የለሽነት ሊመስል ስለሚችል፣ ቀና ብሎ እንዲናገር ቤት ያለማምዱት።

ቅጣቱ ብዙውን ጊዜ የማኅበረሰብ አገልግሎት ሰዓት፣ የይቅርታ ደብዳቤ፣ ጽሑፍና በሌላ ልጅ ጉዳይ ጁሪ ሆኖ መቀመጥ ነው። ነገሩን የሚያበላሸው የአገልግሎት ሰዓቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሊያገለግል ቢፈልግ እንኳ ቦታውን የቲን ኮርቱ አስተባባሪ አስቀድሞ ይፍቀድለት፤ ቅጹን አጎቱ ሳይሆን የሥራው ኃላፊ ይፈርምበት፤ ለመጨረሻው ሳምንት አያስተርፈው። ቀኑ ካለፈ ፋይሉ ወደ መጣበት ሊመለስ ይችላል።

ይጠቅማል ወይ? በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ኧርባን ኢንስቲትዩት የተባለ የአሜሪካ የምርምር ተቋም ጥናት፣ በአላስካ በቲን ኮርት ካለፉት በስድስት ወር ውስጥ እንደገና ያጠፉት 6 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከሄዱት ደግሞ 23 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በሜሪላንድ ግን ብልጫ አልተገኘም።

ከሱቁ የካሳ ደብዳቤ ከመጣም ጉዳዩ ለብቻው ነው፤ እሱን መክፈል የፖሊሱን ፋይል አይዘጋም።