ሁለት ሰው አንድ ፓስወርድ ከደረሰው ችግሩ ፊደሉ ብቻ አይደለም

ጥያቄ፦ «የምሠራው ባሕር ዳር ነው። እንግዶችን ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚያመላልሱ ባለጀልባዎች የቀኑን ቡኪንግ በስልካቸው የሚያዩበት ዌብሳይት አስተዳድራለሁ። አዲስ ሰው ሲመዘገብ ሲስተሙ ጊዜያዊ ፓስወርድ በኤስኤምኤስ ይልካል። ብዙዎቹ ‹አልገባ አለኝ› እያሉ ይደውላሉ። ዜሮውን ከኦ፣ አንዱን ከኤል መለየት አልቻሉም። በቀላሉ የሚነበብ ፓስወርድ እንዴት ላውጣ? በቅርቡ ደግሞ የአባላት ዝርዝር ከኤክሴል በአንዴ ሳስገባ፣ ተከታትለው ያሉ ሁለት ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ፓስወርድ ደረሳቸው። ኮዱ ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ የጻፈው ከእኔ በፊት የነበረ ልጅ ነው።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግካት ነገር ናት ዋናዋ። የዜሮና የኦ ነገር በአምስት ደቂቃ ይስተካከላል። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ፓስወርድ ማግኘቱ ግን የቤቱ ቁልፍ በር ላይ ተንጠልጥሎ እንደመተው ነው።

ኮዱን ሳላየው ልገምት። ፓስወርድ የሚያወጣውን ፈንክሽን ክፈትና «ኤስራንድ» የሚለውን ፈልግ፤ «ራንድ» ለሚባለው ቁጥር አውጪ ፈንክሽን መነሻ ቁጥር የሚሰጠው እሱ ነው። ቅንፉ ውስጥ «ታይም» ካለ ጥፋቱ እሱ ጋ ነው። ጽሑፍን ወደ 32 ሆሄ ኮድ በሚቀይረው በኤምዲ ፋይቭ የተሠራ ቢሆን ኖሮ ኦም ኤልም አታይም ነበር፤ እሱ የሚያወጣው ቁጥርና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉትን ፊደሎች ብቻ ነው። ያንተ ኮድ ከሙሉ ፊደል ዝርዝር በ«ራንድ» እየመረጠ፣ መነሻውን ደግሞ ከሰዓት እየወሰደ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህን የማያውቅ ሰው ነገ ሌላ ቦታ ላይ ያንኑ ይደግመዋል። «ራንድ» ዕጣ አያወጣም። ያሰላል። መነሻ ቁጥር ትሰጠዋለህ፣ ከዚያ ቁጥር ተነስቶ ሁልጊዜ ያንኑ ሰልፍ ይደረድርልሃል። አታምነኝም? ባዶ ፋይል ላይ ኤስራንድን በ1000 አስነሳው፣ ከስሩ ራንድን አሥር ጊዜ ጥራና ገጹን ደጋግመህ ሪፍሬሽ አድርግ። እነዚያው አሥር ቁጥሮች በዚያው ተራ ይመጣሉ። አሁን ከ1000 ይልቅ «ታይም»ን አስገባ። «ታይም» የሚሰጥህ የአሁኗን ሰከንድ ነው። ስለዚህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የተመዘገቡ ሁሉ መነሻቸው አንድ ነው፣ ፓስወርዳቸውም አንድ ይሆናል። ኤክሴሉን ስታስገባ የሆነውም ይኸው ነው።

ክፋቱ ግን ከዚህ ይሰፋል። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ብቻ አለው። አንድ ባለጀልባ ማክሰኞ መመዝገቡን የሚያውቅና ኮዱን የገመተ ሰው የሚሞክረው 86,400 ፓስወርድ ነው፤ ለኮምፒውተር ይህ ምንም ማለት አይደለም። ደቂቃዋን ካወቀማ 60 ብቻ ይቀሩታል። ፓስወርዱን 20 ፊደል ብታደርገውም፣ ምልክት ብትጨምርበትም ለውጥ የለውም፤ መነሻው ያው ሰከንድ ነው። ቁመናው የተወሳሰበ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሰዓት ነው። መነሻውን በእጅ መስጠት ከፒኤችፒ 4.2 ጀምሮ አያስፈልግም። ሆኖም በነፃ የሚወርዱ ስክሪፕቶች ዛሬም ይዘውት ይዞራሉ፣ ሰዉም ሳያነብ ይለጥፋል። በእውነት ያናድደኛል።

መፍትሔው «ራንደም ኢንት» ነው። እሱ ቁጥሩን የሚወስደው ከሰርቨሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ መነሻ አይጠይቅህም፣ ሊገመትም አይችልም። ከፒኤችፒ 7 ጀምሮ አለ። «እንዲህ የሚባል ፈንክሽን የለም» ካለህ ሆስቲንግህ (ዌብሳይቱ የተቀመጠበት ኪራይ ሰርቨር) ፒኤችፒ 5 ላይ ተኝቷል ማለት ነው። ርካሽ ሆስቲንግ አንዳንዴ እንዲህ ነው። ኮንትሮል ፓነሉ ውስጥ ቨርዥኑን ቀይር፤ የማይቀየር ከሆነ ሆስቲንጉን ቀይር። በ5 ላይ ጥገና አትጀምር።

አሁን ወደ ፊደሉ። በአማርኛ ልላክ ብለህ እንዳታስብ። ሀ፣ ሐ እና ኀ በስልክ ሲነበቡ አንድ ናቸው፤ ሰ እና ሠም እንዲሁ። የአማርኛ ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል መላክም አይሠራም፣ «ቀ»ን አንዱ በኬ ሌላው በኪው ይጽፈዋል። ትንንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ውሰድ። አምስቱን አናባቢዎች አውጣ። ይህን አጥብቄ የምመክርህ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ እኛ ሰዎች በስልክ ስናነብ «ኤ»ን፣ «ኢ»ን እና «አይ»ን እናምታታለን። ሁለተኛ፣ አናባቢ ካለ ማሽኑ አንድ ቀን ስድብ ይሠራና ለአንድ ትልቅ ሰው ይልከዋል። ከዚያ ኤልንና ኪውን አውጣ። ከቁጥር ደግሞ 0ን፣ 1ንና 9ን፤ 9 በትንሽ ስክሪን «ጂ» የሚባለውን ፊደል ይመስላል። ወደቡ ላይ ፀሐይ ስልኩ ላይ ወድቆ ሲያነቡት አስበው።

19 ፊደልና 7 ቁጥር ይቀርሃል፣ በድምሩ 26። ከእነሱ አሥር ምረጥ፣ አምስት አምስት አድርገህ በሰረዝ ለያቸው። ይህ ከ140 ትሪሊዮን በላይ አማራጭ ነው። ስምንት ይበቃል የሚሉህ ይኖራሉ፤ እኔ አሥርን እመርጣለሁ፣ ለሁለት ሲከፈል ለዓይን አይከብድምና። ሎጊኑ ላይ ሰረዙንና ክፍት ቦታውን ራስህ አጥፋለት፣ ትልቅ ፊደል ቢጽፍም ወደ ትንሽ መልስለት። ይህን የምታደርገው ግን ለጊዜያዊው ብቻ ነው፤ ራሱ የመረጠውን ፓስወርድ አትነካካ። አምስት ጊዜ ከተሳሳተ ለጥቂት ደቂቃ ዝጋው።

ኤስኤምኤሱንም እየው። በፊደላችን የተጻፈ መልእክት አንዱ 70 ሆሄ ብቻ ይይዛል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል 160። ረዥም ሰላምታ ካለበት ይሰነጠቃል፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ፓስወርዱ ያለበት ቁራጭ ኋላ ይቀራል። አሳጥረው። ፓስወርዱን ለብቻው መስመር ላይ አድርገው፣ አራት ነጥብ አታስከትልበት። ኮፒ ሲያደርጉ ነጥቡም አብሮ ይገባል፤ «አልገባ አለኝ» ከሚሉህ የተወሰኑት ምናልባት እዚህ ጋ ነው የሚወድቁት።

ዳታቤዙ ውስጥ ፓስወርዱ በግልጽ ተጽፎ ካገኘኸው አልገረምም። በ«ፓስወርድ ሀሽ» ቀይረው፤ ይህ ፈንክሽን ፓስወርዱን ወደ ኋላ ወደማይመለስ ኮድ (ሀሽ) ይለውጠዋል። ሀሹ የሚቀመጥበትን ኮለም ርዝመት ግን አስቀድመህ 255 ሆሄ አድርገው። የድሮ ጠጋኞች ለኤምዲ ፋይቭ የሚሆን 32 ትተው ይሄዳሉ፤ የአሁኑ ሀሽ 60 ሆሄ ስለሆነ ይቆረጥና ሰው ሁሉ ውጭ ይቀራል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያዝልኝ፦ ጊዜያዊው ፓስወርድ መሞት አለበት። አንዴ ከተገባበት በኋላ አዲስ ሳያስመርጥ ወደ ቡኪንጉ አያሳልፍ። ሳይገባበት ቢቀርም በ24 ሰዓት ይሙት። አሥራ አምስት ደቂቃ አትበል፤ ጠዋት ወደ ደቅ ደሴት የወጣ ሰው እስከ ማታ ላይመለስ ይችላል። ከአንድ ቀን ግን አታሳልፈው። የፓስወርዶቹን ዝርዝርም ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትለጥፍ። የማይሞት ጊዜያዊ ፓስወርድ ማለት በኤስኤምኤስ ውስጥ ለዘላለም የተቀመጠ ቁልፍ ነው፣ ስልኩ ሲሸጥም አብሮ ይሸጣል።

እናም አዲሱን ኮድ ከመጫንህ በፊት አንድ ሥራ አለህ። የድሮው ኮድ በሰጣቸው ፓስወርድ እስከ ዛሬ የሚገቡ ሰዎች አሉ። እነዚያን ፓስወርዶች ሁሉ ዛሬ ማታ ሰርዝ። ነገ ጠዋት ጀልባዎቹ ከመውጣታቸው በፊት በአዲሱ ኮድ የወጣውን ላክላቸው። ስልኩ ለግማሽ ቀን ይጨናነቅብሃል፣ ቻለው።