ግማሽ በግማሽ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ሁለት ወጣቶች የስልክ ጥገና ሱቅ በጋራ ሊከፍቱ አስበው የውላቸውን ረቂቅ አሳዩኝ። አንድ ገጽ ናት። «ድርሻችን ግማሽ በግማሽ» ትላለች፤ ከዚያ ፊርማ። እኔም ዕድሜዬን ስልክ ስፈታና ስገጥም የጨረስኩ ነኝና፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት መሳቢያዬን ከፍቼ አንድ ሶኒ ኤሪክሰን ኬ750 አወጣሁላቸው። የጀርባውን መሸፈኛ በአውራ ጣት ስትገፉት ካሜራው በራሱ ይከፈታል። ሁለቱም ሳቁ። በ2005 ግን (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚያች ስልክ የማይቀና አልነበረም።

የስሙ ሁለተኛ ክፍል የስዊድኑ ኤሪክሰን ነው። ላርስ ማግነስ ኤሪክሰን በ1876 ስቶክሆልም ውስጥ የጀመረው በቴሌግራፍ መሣሪያ ጥገና ነበር፤ የሙያ አባታችን ልበለው። ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ ያ ቤት በዓለም ላይ ከታወቁት ሞባይል ሠሪዎች አንዱ ሆኖ ነበር። ማርች 17 ቀን 2000 አሜሪካ አልበከርኪ ከተማ በሚገኘው የፊሊፕስ ቺፕ ፋብሪካ ውስጥ በመብረቅ ሰበብ እሳት ተነሳ። እሳቱ በደቂቃዎች ውስጥ ጠፋ። ነገር ግን ቺፕ የሚሠራበት ክፍል አቧራ እንኳ የማይገባበት ነውና፣ ጭሱና ውኃው ያበላሸው እሳቱ ካቃጠለው በለጠ። ከዚያው ፋብሪካ ይገዛ የነበረው ኖኪያ ወዲያውኑ ሌሎች አምራቾችን አስጨንቆ ጉድለቱን ሞላ። ኤሪክሰን ለዚያ ቺፕ ሌላ አቅራቢ አልነበረውም፤ ወሬውም አለቆቹ ጋ የደረሰው ዘግይቶ ነው። አራት መቶ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሽያጭ አመለጠው።

ኦክቶበር 2001 ከሶኒ ጋር ሽርክና የገባው እንዲህ ቆስሎ ነው። ሶኒም በሞባይል ገበያ ደካማ ነበር። ዋና መሥሪያ ቤቱ ለንደን ሆነ፣ ድርሻውም ሃምሳ በሃምሳ። መጀመሪያ ላይ ከሰሩ። የቀናቸው አንዱ ወገን ብቻውን የማይችለውን ዕቃ ሲያወጡ ነው፦ ዎክማን የተባለው የሶኒ የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ በኤሪክሰን የሬዲዮ ዕውቀት ላይ ተቀምጦ በ2005 ደብሊው800 የተባለው የሙዚቃ ስልክ ወጣ። በ2007 ብቻ ከ103 ሚሊዮን በላይ ስልኮች ሸጡ።

አይፎንም የመጣው በዚያው ዓመት ነው። ስማርት ስልኮቻቸውን ሲምቢያን በሚባለው የስልክ ሶፍትዌር ሲሠሩ ቆዩ፣ በ2008 ዊንዶውስ ሞባይል ሞከሩ፣ ወደ አንድሮይድ የዞሩት በ2010 ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ግን የሶኒ የጨዋታ መሣሪያ፣ ፕሌይስቴሽን ነው። ያን የሚያህል ስም በሶኒ እጅ እያለ የፕሌይስቴሽን ስልክ የወጣው በ2011፣ ሽርክናው ሊፈርስ ሲል ነው። ሰው ግማሹ የሌላ በሆነ ቤት ውስጥ የወርቅ ሳጥኑን ቶሎ አይከፍትም፤ እኔ የምረዳው እንዲህ ነው። የኤሪክሰንም ልብ በዚያን ጊዜ ወደ ኔትወርክ ሥራው አድልቶ ነበር። በ2012 መጀመሪያ ሶኒ የባልደረባውን ግማሽ ድርሻ በ1.05 ቢሊዮን ዩሮ ገዝቶ ሸኘው።

ሽርክና ሲመረቅ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የማይል የለም፤ ድሩን ማን ወዴት እንደሚጎትተው ግን አይጠየቅም። ስለዚህ ወጣቶቹን ሦስት ነገር ጠየቅኋቸው። ከመካከላችሁ ቤቱ የቀረ፣ ለሱቁ ያልሰጠው መሣሪያ ወይም ደንበኛ ያለው ማን ነው? ሁለታችሁ ካልተስማማችሁ የማን ቃል ይጸናል? አንዳችሁ መውጣት ብትፈልጉ የድርሻውን ዋጋ ማን ይተምናል?

ተያዩ። ትልቁ ልጅ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ጋሼ፣ እስክሪብቶ ይኖርዎታል?» አለኝ።