ቅንፍ ውስጥ ያለችው ቃል

ልጆቼ፣

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ የስምምነት ረቂቅ ማንበብና መደራደር ነበር። ሰሞኑን ሶፍትዌር የሚሠራ የወንድሜ ልጅ «አጎቴ፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ዓለም በጋራ ሕግ ያወጣል ይሉናል፤ እኛን ምን አገባን?» አለኝ። የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

በወጣትነቴ ለአንድ ድርድር ብቻዬን ተላክሁ። ሌሎቹ ስድስት ሰባት ሆነው ነው የመጡት። ያልተስማማንበት ቃል ሁሉ በቅንፍ ይታጠራል፤ ስንስማማ ቅንፉ ይነሣል። እኛ የያዝነው አንቀጽ «ድጋፍ ይሰጣል» ይል ነበር። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ድካም አሸነፈኝና ሄጄ ተኛሁ። ጠዋት ስመለስ ቅንፉ የለም። አንቀጹ «እንደ አግባብነቱ ድጋፍ ሊሰጥ ይችላል» ሆኗል። ማንን ልውቀስ? አልነበርኩማ!

ስለ ኤአይ የሚወጡ ሰነዶችን ስታነቡም መግቢያውን እለፉትና ግሡን ፈልጉ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 2024 ያለ ድምፅ ያጸደቀው ውሳኔ «ያበረታታል»፣ «ጥሪ ያቀርባል» እንጂ አያስገድድም። የሚመለከተውም ወታደራዊ ያልሆነውን ዘርፍ ብቻ ነው። በዚያች ሐረግ የጦር መሣሪያው ነገር እንዳለ ደጅ ቀረ። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ እሱ ነበር።

ከዚያ የፈራሚዎቹን ዝርዝር እዩ። እ.ኤ.አ. በ2023 እንግሊዝ አገር ብሌችሊ ፓርክ ላይ 28 አገሮችና የአውሮፓ ኅብረት ስለ ኤአይ ደኅንነት መግለጫ ሲያወጡ ከአፍሪካ የነበሩት ኬንያ፣ ናይጄሪያና ሩዋንዳ ናቸው። በ2025 ፓሪስ ላይ በተደረገው የኤአይ ጉባኤ ደግሞ አሜሪካና ብሪታንያ መግለጫውን አንፈርምም አሉ። ትልቅ አገር ባይፈርምም ይፈለጋል፤ እኛ ካልተገኘን ግን የሚጠይቀን የለም።

መገኘቱም ቀላል አይደለም፤ ቪዛ አለ። አይሲኤልአር የተባለው የዘርፉ ትልቅ ጉባኤ በ2020 አዲስ አበባ ሊካሄድ የታሰበው አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ቪዛ እየተከለከሉ ስለተቸገሩ ጭምር ነበር። ኮሮና መጣና በኢንተርኔት ሆነ። ያ እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን የተባበሩት መንግሥታት ስለ ኤአይ የሚያጠና 40 አባላት ያሉት የሳይንስ ፓነል አለው። ኮድ የምትጽፉ ረቂቅ ማንበብ ልመዱ። ሕግ የተማራችሁ ደግሞ የኤአይ ሞዴል፣ ማለትም ከመረጃ የሚማረው ፕሮግራም፣ በምን ዳታ እንደሚሠለጥን ጓደኞቻችሁን ጠይቁ፤ አትፈሩ። ወደ ድርድር ስትሄዱ ሁለት ሁኑ፤ በየተራ ተኙ። ዳቦ ቆሎም ያዙ፤ የስብሰባው ካፌ ሌሊት ዝግ ነው።