«የሐሞት ጠጠር ነው ብዬ ልደብቀው?»

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ነዋሪነቴ ደብረ ብርሃን ሲሆን ዕድሜዬ 36፣ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቴ 118 ኪሎ ነው። የስኳር ሕመም ከያዘኝ አምስት ዓመት ሆኖኛል፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ እወስዳለሁ፤ ጉልበቴም ደረጃ መውጣት ከልክሎኛል። አዲስ አበባ ያየኝ ሐኪም ስሊቭ የሚባለውን ጨጓራን የመቀነስ ቀዶ ሕክምና እንዳደርግ መክሮኝ ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል፤ ቀጠሮዬም ከጥምቀት ማግስት ነው። ሊያስታምሙኝ የሚመጡት አማቴ ከመንዝ ናቸው። ሰው «ምግብ መተው አቅቷት ሆዷን ተቀደደች» እንዳይለኝ ለእርሳቸውም ለጎረቤትም «የሐሞት ጠጠር ነው» ልል አስቤአለሁ። ይህን ማለቴ ጉዳት አለው? ማገገሙስ ምን ይመስላል? ሁዳዴንስ መጾም እችል ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ስለ መደበቁ የጠየቁኝን አስቀድሜ ልመልስ፤ እርሱ ከተፈታ የቀሩት ይቀላሉና። አዎን፣ ጉዳት አለው፤ ጉዳቱም ለሕይወትዎ የሚያሰጋ ነው። ሰው ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ በፍጥነት ሲከሳ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት፣ በሐሞት ከረጢቱ ውስጥ ጠጠር የመፈጠሩ ዕድል ከፍ ይላል። እንግዲህ አንድ ሌሊት ከቀኝ የጎን አጥንትዎ ሥር ብርቱ ሕመም ተነሥቶብዎ፣ መናገር ተስኖዎት ጤና ጣቢያ ቢደርሱ፣ አማትዎ «ሐሞቷማ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል» ብለው በቅንነት ይመሰክራሉ፤ ተረኛው ባለሙያም እርሳቸውን አምኖ የሕመሙን ምንጭ በሌለበት ሲፈልግ ያነጋል። ከሰበቦች ሁሉ የመረጡት ይህ መሆኑ ነው እጅግ ያሳሰበኝ።

ይህን የምጽፍልዎ ነርስ ስለሆንሁ ብቻ አይደለም። እኔም ከአራት ዓመት በፊት 112 ኪሎ ሳለሁ ያንኑ ቀዶ ሕክምና አድርጌ ደብረ ሲና ለሚኖሩት እናቴ «ትንሽ የሆድ ቀዶ ጥገና ነው» ብዬ ነበር። በአራተኛው ሳምንት እናቴ፣ አንጀታቸው አልችል ብሎ፣ ቅቤ የጠጣ የገብስ ገንፎ አቀረቡልኝ፤ እምቢ የምልበት ምክንያት ስላልነበረኝ አራት ጊዜ ጎረስሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውኃ እንኳ አልረጋልኝም። በሦስተኛው ቀን የተወሰድሁበት ክሊኒክ ስለ ጨጓራዬ የሚያውቀው ነገር አልነበረምና ግሉኮስ ሊሰቅልልኝ ተዘጋጀ። ጨጓራው የተቀነሰ ሰው ቀናት ሙሉ ሲያስመልሰው ግን ቫይታሚን ቢ 1፣ ማለትም ቲያሚን፣ ከሰውነቱ ያልቃል፤ ቲያሚን ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻ ከገባ አንጎል ሊጎዳ፣ ዐይን ሊንሸዋረር፣ አረማመድ ሊናጋ ይችላል። እናቴ አጠገቤ ተቀምጠው እያዩኝ ያን ጊዜ ነው እውነቱን የተናገርሁት። ቲያሚኑ ቀድሞ ተሰጠኝና ዳንሁ። እናቴ ለወራት ያዘኑት በቀዶ ሕክምናው ሳይሆን ያለ ማወቅ ሊጎዱኝ በመቅረባቸው ነበር።

ስለ ቀዶ ሕክምናው አስፈላጊነት ብዙ አልልም፤ የእርስዎ ክብደት ለቁመትዎ ካሬ ሲካፈል 45 ገደማ ይመጣል፤ ዛሬ ባለሙያዎች ከ35 ጀምሮ ይህን ሕክምና ይመክራሉና ሐኪምዎ ያለ ምክንያት አልላክዎትም። «ምግብ መተው አቅቷት» ለሚለው ሐሜትም መልሱ በሰውነት አሠራር ውስጥ ይገኛል፤ ሰውነት የለመደውን ክብደት ለማስመለስ ረኃብን ያበረታል፣ የሚያቃጥለውንም ኃይል ይቀንሳል፤ ተቆርጦ ከሚወጣው የጨጓራ ክፍል የሚመነጭ ግሬሊን የተባለ የረኃብ ሆርሞን አለ፤ እርሱ ሲቀንስ ነው ሰው ዕድሜ ልኩን የታገለው ርኃብ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋብ የሚልለት።

ቀዶ ሕክምናው በአምስት ገደማ ትናንሽ ቀዳዳዎች የሚሠራ ሲሆን ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ ከጨጓራው 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣና ጠባብ ቱቦ መሰል ከረጢት ይቀራል፤ የወጣውም ተመልሶ አይገጠምም። ስነቃ ቁስሌ ከገመትሁት ያነሰ፣ ትከሻዬ ግን ከገመትሁት በላይ አመመኝ፤ ሆድ በጋዝ ስለሚነፋ ሕመሙ ወደ ትከሻ ይሄዳል፣ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥም ይለቃል። የዚያኑ ቀን ማታ ከአልጋዬ አስነሥተው አራመዱኝ፤ ደም በእግር ሥር እንዳይረጋ ከሚደረጉት ነገሮች ዋናው ይህ ነውና ቢያቅለሸልሽዎም እንቢ አይበሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ሁሉ ውኃን በጉንጭ በጉንጭ ቀኑን ሙሉ ማስገባት ነው።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት አዲስ አበባ ዘመድ ዘንድ ይቆዩ። ከመቶ ታካሚ በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ የተሰፋው ጨጓራ ሊያፈስስ ይችላል፤ ይህ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚታይ ሲሆን ከትኩሳትም በፊት ምልክቱ የልብ ምት ነው። ተኝተው ሳለ ልብዎ በደቂቃ ከ120 በላይ ቢመታ፣ ሆድዎ ወይም ትከሻዎ ሕመሙ ቢብስበት፣ ትንፋሽ ቢያጥርዎ ወይም አንዱ ባትዎ ቢያብጥ እስኪነጋ አይጠብቁ። ወደ ቤት ሲመለሱም መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነውና ሰንዳፋና ሸኖ ላይ መኪናውን አስቁመው ጥቂት ይራመዱ። እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ጀሪካን ማንሣትም ሆነ ሊጥ ማቡካት የለም፤ ወደ ቢሮ ሥራ ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ መመለስ ይቻላል።

አሁን ወደ አማትዎ ማእድ ቤት እንግባ፤ ማገገሙ በእውነት ያለው እዚያ ነውና። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የተጣራ መረቅ፣ ቅባቱ የወጣ ወተትና ቀጠን ያለ ስኳር የሌለው የአጃ ሾርባ፤ ከዚያ እስከ አራተኛው ሳምንት በርበሬ ያልበዛበት ቀጭን ሽሮ፣ ተፈጭቶ የላመ ምስር ክክ፣ እርጎ፣ ለስላሳ እንቁላል፤ ቀጥሎ እስከ ስምንተኛው ሳምንት ገደማ በሹካ የሚደቅቅ ነገር ሁሉ። እንጀራና ዳቦ ከሁሉ በኋላ የሚመጡ ናቸው፤ እርጥብ እንጀራ ተጠቅልሎ ጠባቡ ጨጓራ ላይ ይቆማልና ብዙዎቻችን ወራት ወስዶብናል። ቆሎና ጥብስ ከዚያም ይዘገያሉ። በሶ በማር ተበጥብጦ የሚጠጣው ግን በልስላሴው አያታልልዎ፤ ሳያጠግብ ይወርዳል፣ ክብደትንም ይመልሳል። ምግብና ውኃ በአንድነት አይሂዱ፤ ከምግብ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይታገሡ። ጠላና አረቄ ከበፊቱ ፈጥነው ስለሚያሰክሩ ለመጀመሪያው ዓመት ጨርሶ ቢቀሩ እመርጣለሁ።

ሁዳዴ የሚገባው እርስዎ ገና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ሳሉ ነው። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግዎታል፤ ይህን ከበሰለ ምስር ብቻ ለማግኘት ሁለት ሦስተኛ ኪሎ ያህል መብላት ይጠይቃል፤ ጨጓራዎ ግን በአንድ ጊዜ የሚይዘው ከአንድ ወይም ከሁለት የቡና ስኒ አይበልጥም። ውኃ ሳይጠጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየትም ኩላሊትን ይጎዳል። ስለዚህ ከጥምቀት በፊት የንስሐ አባትዎን በግልጽ ያማክሩ፤ ለሕሙም የሚሰጠውን ፈቃድ እርሳቸው ያውቁታል። በሚቀጥለው ዓመት ሐኪምዎ ከተስማማ ሽምብራ፣ ባቄላና ምስር እያፈራረቁ መጾም ይችላሉ፤ እኔም ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ውኃ ሳልከለከል እጾማለሁ።

ከመድኃኒቶችዎ አንዱ በተለይ ያስፈራኛል። ምግብዎ በድንገት ሲቀንስ ግሊቤንክላሚድ ስኳርዎን ከልክ በታች ሊያወርደው ስለሚችል፣ እንደ ነበረ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን ቀዶ ሕክምናው ሳይደረግ ከሐኪምዎ ይጠይቁ፤ ስኳር መለኪያ መሣሪያውም ከእጅዎ አይለይ። ለሕመም ፓራሲታሞል ይውሰዱ እንጂ፣ ወገቤን ባሉ ቁጥር በክሊኒክ የሚወጋውን ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ያለ ቀዶ ሐኪምዎ ፈቃድ አይቀበሉ። ቫይታሚኖቹ፣ ብረቱና ካልሲየሙ የዕድሜ ልክ ናቸው፤ ብረትና ካልሲየምን በአንድ ሰዓት አይዋጧቸው፤ የደም ምርመራውንም በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ ያድርጉ። ሁለተኛ ልጅ ካሰቡ ከ12 እስከ 18 ወር ይቆዩ፤ ክብደት ሲቀንስ መፀነስ ቀድሞ ከነበረው ይቀልላልና መከላከያ ያስፈልጋል።

በሦስተኛው ወር ገደማ ፀጉሬ በማበጠሪያ ይወጣ ጀመር፤ በዓመቱ ተመልሶ በቀለ። ብርዱ ግን ያልጠበቅሁት ነበር፤ ሰውነትን ያሞቅ የነበረው ስብ ሲሄድ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አጥንት ይዘልቃል፤ ደብረ ብርሃን ሆነው የመንዝ ባና ሳያዘጋጁ አይቆዩ። ከብርዱም የከፋው የሰው ቃል ነው። በእኛ አገር ወፈረች ሲባል ደላት ነው፣ ከሳች ሲባል ታመመች ነው፤ በሰንበቴው «ምን ነካሽ?» የማይል አልነበረም፣ የከፋ በሽታ ስም የሰጡኝም ነበሩ። እውነቱን ያወቁት እናቴ «ሐኪም ያዘዘላት ነው፤ ስኳሯም ተስተካክሏል» ብለው በየደጁ የመለሱልኝ ያን ጊዜ ነው። በዓመት ተኩሉ 80 ኪሎ ደረስሁ፤ ከዚያ ወዲህ አምስት ኪሎ ተመልሶብኛል፣ ይህም ብዙዎችን የሚያጋጥም ነውና እርስዎንም ቢያጋጥምዎ ወድቄአለሁ አይበሉ።

ለጎረቤት ሁሉ የመንገር ግዴታ የለብዎትም፤ «የሆድ ቀዶ ሕክምና» ማለት ይበቃል፣ ሐሰትም የለበትም። አማትዎ ግን የሚያበስሉልዎ፣ የሚያጎርስዎ፣ በሌሊትም ሐኪም ዘንድ የሚያደርስዎ እርሳቸው ናቸው። ከጥምቀት በፊት ባለቤትዎ ባለበት ቡና አፍልተው ያስቀምጧቸውና «እማማ፣ ስኳሩ ዐይኔንና ኩላሊቴን ሳይጎዳው ጨጓራዬን ሊያሳንሱልኝ ነው፤ ለሁለት ወር የምበላውን እርስዎ ይመጥኑልኝ» ይበሏቸው። ያን የቡና ስኒም ይስጧቸው፤ መለኪያው እርሱ ነው። የቀዶ ሕክምናውን ስም፣ ቀኑን፣ የሐኪሙን ስልክና «ሲያስመልሳት ቲያሚን ከግሉኮስ ይቅደም» የሚለውን በአማርኛ በወረቀት ጽፈው አንዱን በቦርሳዎ፣ አንዱን በአማትዎ መቀነት ያኑሩት።